ጎዳ ላይ ማደር

ሐምሌ ላይ ጅቡቲ ከተማ በቀን ትተኛለች። ጫቱ ከኢትዮጵያ ገብቶ ከታደለ በኋላ የሱቁ መዝጊያ ሁሉ ይወርዳል፣ መንገዱም ጭር ይላል። ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲነሣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ቢሆን ከ30 እምብዛም አይወርድም። ከተማዋ ይህን የምትችለው በማቀዝቀዣ ነው። ለማቀዝቀዣው ኃይል የሚሰጠው መብራት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ግድቦች ይመጣል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ በሶማሌ ክልል ሐደጋላ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ አሊ ሳቢህን፣ ዲኪልን፣ አርታንና ዋና ከተማዋን ያጠጣል። እንግዲህ የዚህች ከተማ ብርድና ውሃ በሽቦና በቧንቧ ከሩቅ የሚገባ ዕቃ ሆኗል። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ግን፣ አየሩ በጠራበት ጠዋት ከወደቡ ዳር ሆኖ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሚመለከት፣ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተኛ ሰማያዊ ጀርባ ይታያል። ጎዳ ነው። በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ እንደሚቀዘቅዝ ብናሰላ፣ ከተማው 41 ሲሆን የጎዳ አናት በ30 እና በ31 መካከል ይውላል ማለት ነው። ጎንደሬ ወይም መንዜ ይህን ብርድ ብሎ አይጠራውም። በከተማዋ ዳር በባልባላ ሰፈር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን በሕይወቱ ላይ የተጨመረ ሌላ ወቅት ነው።

ጅቡቲን ለመንገደኛ የሚያስተዋውቀው ሁሉ ወደ ታች ያመለክታል። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው የአሳል ሐይቅ አለ። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ወርዶ የሚያልቅበት፣ የኖራ ድንጋይ ማማዎች የቆሙበት የአቤ ሐይቅ አለ። ከኅዳር ጀምሮ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚገባው የዓሣ ነባሪ የሚያህል ሻርክ አለ። ሎንሊ ፕላኔት ለ2018 ሊጎበኙ ይገባቸዋል ካላቸው አገሮች ጅቡቲን በአራተኛነት ያስቀመጣት በአብዛኛው በእነዚህ ነው፤ ውሸት የለበትም፣ አሳልን አይቶ የማይደነቅ ሰው አይገኝም። ችግሩ ያለው በጉብኝቱ አሠራር ላይ ነው። መኪናው ከከተማ ጠዋት ይነሣል፣ ምሳው በሳጥን ይጫናል፣ ውሃው በካርቶን ይጫናል። ነጩ የጨው ቅርፊት ላይ ሲደርስ ይቆማል። የአካባቢው አፋሮች ጨው የተጋገረባቸውን የፍየል ራስ ቅሎችና እንደ ጠጠር የከበቡ የጨው እንክብሎች በድንጋይ ላይ ደርድረው ይጠብቃሉ። ፎቶ ይነሣል፣ አንድ ሁለት እንክብል ይገዛል፣ ፀሐይ ሳትገባ ወደ ሆቴል ይመለሳል። ከአገሪቱ ከፍተኛ እይታዎች አንዱን ለሚጠብቁት ሰዎች በዚያ ቀን የቀረላቸው የጥቂት እንክብል ዋጋ ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ጅቡቲ ከቱሪዝም ሕዝቧን የሚጠቅም ነገር ልታገኝ የምትችለው ከጥልቀቷ ይልቅ ከከፍታዋ ነው፤ ምክንያቱም ከፍታ ሰውን ያሳድራል፣ ያደረ እንግዳ ደግሞ ከባለ አገሩ እጅ መብላቱና መጠጣቱ አይቀርም።

ለመሆኑ ጎዳ ላይ ምን አለ? መንገዱ ራሱ አንድ መልስ ነው። ከአሳል ዳር ተነሥቶ የባሕረ ሰላጤውን ጫፍ ዞሮ ጎዳ ላይ ወዳለው ወደ ዳይ የሚወጣ ተጓዥ በአንድ ቀን ከባሕር ጠለል በታች ካለው ጨው እስከ ጽድ ደን ይደርሳል። ከታች ያለው ምድር ገና እየተሠራ ነው፦ በኅዳር 1978 አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ጥቁር ላቫ ሲተፋ፣ የአሳል ስንጥቅ በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት ሜትር ገደማ ተከፍቷል፤ ዛሬም በየዓመቱ ከሴንቲሜትር በላይ ይሰፋል። ከላይ ያለው ደግሞ ጨርሶ ሌላ ዘመን ነው። የዛሬው በረሃ እርጥብ በነበረበት ጊዜ ደኑ ሰፊ ነበር፤ ድርቁ ሲበረታ ዛፉ ወደ ብርዱ እየሸሸ ተራራው አናት ላይ ቀረ። በክረምትና በበጋ መካከል ልዩነቱን በዝናብ ለሚያውቅ ደገኛ የሚገርመው፣ የጎዳ ዛፍ የሚኖረው በአመዛኙ በጉም መሆኑ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ከባሕረ ሰላጤው የሚነሣው እርጥበት ተራራውን ሲመታ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጉሙ በጽዱ ቅርፊት መሳይ ቅጠል ላይ ይለጠፋል፣ ጠብታው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየተንከባለለ ሥሩ ላይ ይወርዳል። ዝናብ ባልጣለበት ጠዋት ከዛፉ ሥር ያለው አፈር ርሶ፣ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው ደረቅ ሆኖ ይገኛል። ዛፉ ሲሞት ይህ የውሃ ማጥመጃም አብሮ ይሞታል።

ጽዱ እኛ የምናውቀው ጽድ ነው፤ በየደብሩ ቅጥር ግቢ የቆመው፣ በእንጦጦና በወፍ ዋሻ የሚገኘው። ወይራም አብሮት አለ። ከዋናው የኢትዮጵያ ደጋ በሰፊው የአፋር በረሃ ተቆርጠው የቀሩ ዘመዶቻችን ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወረድ ብሎ በባንኩዋሌ ሸለቆ ደግሞ ከጅቡቲ ሌላ በሶማሊያና በየመን ብቻ የሚገኝ ረጅም ዘንባባ ከጅረቱ ዳር ቆሟል። ገደሉ ላይ ሰስ ይዘላል፣ ዝንጀሮው በመንጋ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ ግን ተራራውን በዓለም የአእዋፍ መዝገብ ያስገባው አንድ ቆቅ ነው። ዣን ዶርስትና ክርስቲያን ዡዋኒን የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በ1952 የገለጹት የጅቡቲ ቆቅ ከጎዳና ከጎረቤቱ ከማብላ ተራራ ውጭ በየትም አይገኝም። ዛሬ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመድቧል። ምክንያቱን ለማየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ዳይ ላይ ጽዱ በገፍ ሞቷል፤ ግንዱ ልጡ ተልጦ፣ አመድማ መልክ ይዞ፣ ሳይወድቅ እንደ ቆመ ደርቋል። ስለ ምክንያቱ የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም፦ የድርቅ መደጋገም፣ የጉም መቀነስ፣ የከብት ግጦሽ፣ የማገዶ ቆረጣ፣ ምናልባትም ሥርን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ። እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ይመስለኛል። በጥም የተዳከመ ዛፍ በሽታን አይቋቋምም፣ የሞተውን የሚተካ ችግኝ ደግሞ ገና ጣት ሳያህል በፍየል ይቀነጠባል። ቅኝ ገዢው የፈረንሳይ አስተዳደር ዳይን ብሔራዊ ፓርክ ብሎ የከለለው በ1939 ነበር። ዛፉ ግን ፓርክ ተብሎ በተጠራበት ዘመን ሁሉ መመናመኑን አላቆመም፤ በወረቀት ላይ ያለ አጥር ፍየል አያግድም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከራሳችን ሰዎች የሚመጣ ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ በሚቆምበት አገር የተወለደ ሰው 1,700 ሜትር ተራራ ምን ያደርግለታል? የጅቡቲ ከፍተኛው ጫፍ፣ ሦስቱ አገሮች የሚዋሰኑበት ሙሳ ዓሊ እንኳ ከ2,000 ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ አዲስ አበባ ከሱ በላይ ተቀምጣለች። ነገሩ በቁጥሩ ከታየ መልስ የለውም። ነገር ግን የተራራ ዋጋ የሚለካው ከሌላ ተራራ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ካለው ሜዳ ጋርም ነው። ስሜን ከጎንደር ሲታይ ደጋ በደጋ ላይ ነው። ጎዳ ግን በእሳት ላይ የተቀመጠ ነው። ከተማው ራሱ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አያውቅም። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ 700 ሜትር ከፍ ብሎ ያለው አርታ ከፈረንሳዮች ጊዜ ጀምሮ የሹማምንት መናፈሻ ነው። በ2000 የሶማሊያ የዕርቅ ጉባኤ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያሉትን የሙቀት ወራት ሲሰነብት በአርታ መደረጉን፣ ፖለቲካው እንዳለ ሆኖ፣ ከአየሩ ለይቼ ለማየት ይቸግረኛል። ዛሬም አቅሙ ያለው የከተማ ሰው ሙቀቱ ሲብስ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐረር፣ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ የዚህች ከተማ ሰው ብርድን በገንዘብ መግዛት ከጀመረ ቆይቷል። ጥያቄው ያ ገንዘብ ለምን ጥቂቱ እንኳ ጎዳ ባለበት በታጁራ አይቀርም የሚለው ነው።

አንዱ ምክንያት ታሪክ የተወልን ዓይን ነው። ታጁራ የሸዋ የጥንት በር ነበረች። በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከውን የወዳጅነት ልዑክ ይዞ የተነሣው ከዚህች ወደብ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ወደ አንድ ዓመት ገደማ የተጉላላው እዚሁ ነው፤ በ1886 መጨረሻ ተነሥቶ ሸዋ የገባው በ1887 ነበር። የሁለቱም መንገድ ተራራውን በጎን ትቶ በአሳል ጨው በኩል ያልፋል። የግመል ሲራራ ሽቅብ አይወድም፤ ጨውም ያለው ታች ነው። በዚህም የተነሣ ስለ አገሩ የተጻፈው ሁሉ የጥም፣ የላቫና የሞት መጽሐፍ ሆነ፤ እዚያው ከጎን ጉም ለብሶ የቆመው ደን ከመንገደኛው ትውስታ ወጣ። በኋላ የመጣው ቱሪዝም ይህንኑ የሲራራ መስመር ይዞ ቀጠለ። ለነገሩ ዛሬ በባልሆና በጋላፊ በኩል ኮንቴይነር የሚያመላልሱት ሹፌሮቻችንም ከዚህ ብዙ የተለየ ጅቡቲ አያውቁም፤ ለእነሱ አገሩ ሙቀት፣ ወረፋና ኬላ ነው፣ አይፈረድባቸውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ደኑ እየሞተ ባለበት ተራራ ላይ እንግዳ መጋበዝ ለቅሶ ቤት ሠርገኛ መጥራት አይሆንም ወይ? ውሃው ለከብቱና ለሰው ሳይበቃ ገላ የሚታጠብ ጎብኚ ከየት ያመጣል? ይህ ፍርሃት እውነት አለው። ትልቅ ሆቴል ዳይ ላይ ቢሠራ በዓመት ውስጥ ምንጩን ያደርቃል፤ እኔም የምቃወመው የመጀመሪያው እሆናለሁ። ነገር ግን አሁን ያለው ሌላ ነው። በዳይ፣ በዲቲሉ፣ በባንኩዋሌ የሚገኙት ማረፊያዎች በአፋር ጎጆ መልክ የተሠሩ፣ ጥቂት አልጋ ብቻ ያላቸው ካምፖች ናቸው። አንድ እንግዳ ባደረ ቁጥር ፍየል የሚሸጥ፣ ዳቦ የሚጋግር፣ መንገድ የሚመራ፣ አህያ የሚያከራይ ሰው አለ። የቀን ጎብኚው መኪናና ሹፌር የከተማ ናቸው፤ ያደረው ግን ቢያንስ እራቱን ከመንደሩ ይበላል። በመቄት ከ2003 ጀምሮ ተስፋ የተባለው ድርጅት ከገበሬዎቹ ጋር ያቆማቸው የማኅበረሰብ ማረፊያዎች የተነሡት ከዚህ ስሌት ነው፤ አንድም ትልቅ ሕንፃ ሳያስፈልግ የመቄት ገደል አፋፍ ለገበሬው የገቢ ምንጭ ሆነለት። የእንግዳው ቁጥር ትንሽ ሆኖ ሳለ ከየአንዳንዱ የሚቀረው ገንዘብ ከፍ ማለቱ ነው ቁም ነገሩ። የውሃው ጥያቄም በዚሁ ይመለሳል፦ ስንት አልጋ እንደሚበቃ የሚወስነው ምንጩ ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው ሐሳብ ብዙ የጥበቃ ባለሙያ በልቡ የሚይዘው ነው፦ ከብቱን አስወጡ፣ ሰውን አስነሡ፣ ደኑ ያገግማል። ለዚህ ከአገራችን ሁለት ልምድ አለን። ስሜን በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። በመሐል፣ በ2016፣ የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ሣሩ ማገገሙን መካድ አይቻልም፤ በደጋው ገብስ ያደገ ቤተሰብ ከተማ ዳር በካሳ ገንዘብ ኑሮ መጀመሩ ግን በማንም የፓርክ ሪፖርት ውስጥ ሙሉ ዋጋው አይታይም። ሁለተኛው ልምድ መንዝ ጓሳ ነው። እዚያ ባላገሩ ራሱ ከ300 ዓመት በላይ በፊት ባወጣው ደንብ ጓሳው ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲከፈትም በተወሰነ ቀን ለክዳን ሣርና ለግጦሽ ይከፈት ነበር። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው፣ በኋላ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ መልክ መለሰው። ዛሬ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አሉ፤ እንግዳ የሚያስተናግድ ማረፊያም አለ። እኔ ከሁለቱ ለጎዳ የሚስማማው ሁለተኛው ነው እላለሁ። የአፋር ሕዝብ መድዓ የሚባል የራሱ ሕግ አለው፤ ግጦሽን መዝጋትና መክፈት፣ ያጠፋን መቅጣት ያውቃል። ይህን ሥልጣን በ1939 በተጻፈ አጥር መተካት አልሠራም። ዳይ ላይ ከብት የበዛው ደግሞ እረኛው ደንታ ቢስ ሆኖ አይደለም፤ ሜዳው ሲደርቅ ሳር የሚቀረው ተራራው ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። ሌላ ገቢ ያላገኘ ሰው አንዲት ላም ቀንስ ቢባል በምን ይቀንስ? ቱሪዝም ደኑን አያድንም። የሚያደርገው አንድ ነገር ቢኖር፣ ቆሞ ያለ ጽድ ከከሰለው የበለጠ ገንዘብ የሚያመጣበትን ቀን ለባለ አገሩ ማቅረብ ነው።

ለዚህ ክርክር ሰላም ቅድመ ሁኔታ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ከ1991 እስከ 1994 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት እነዚህ ተራሮች የጦር ሜዳ ነበሩ። መንደር ተቃጠለ፣ ሰው ሸሸ፣ ለጎብኚ የተሠራውም ፈረሰ። ዛሬ ያሉት ካምፖች ከዚያ በኋላ ከዜሮ የተነሡ ናቸው። በስሜንና በላስታ ያሉ አስጎብኚዎች በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ያጡትን ለሚያውቅ አንባቢ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአማርኛ ስለዚህ መንገድ የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይችልም። ከአሳል ወደ ታጁራ፣ ከታጁራ ወደ ኦቦክ የሚሄደው አስፋልት የጎብኚ መንገድ ብቻ አይደለም። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ የተነሡ ልጆች አንዲት የውሃ ኮዳ ይዘው ወደ የመን ለመሻገር በእግራቸው የሚጓዙበት ነው። በዚያ ላቫ መሐል በጥም የሞቱ አሉ፣ በመንገዱ ዳር የተቀበሩ አሉ። በአየር ማቀዝቀዣ መኪና ውስጥ ሆኖ መልክዓ ምድርን ማድነቅ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነውር አይሆንም ወይ የሚል ሰው ቢኖር ተሳሳትክ አልለውም። የኔ መልስ ነውሩ ያለው በፍጥነቱ ነው የሚል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ጎብኚ አንዱንም አያይም፤ ተጓዡንም፣ ዛፉንም። ያደረ ሰው ግን ከካምፑ ባለቤት ጋር ይቀመጣል። አፋሮች መንገደኛ ሲገናኝ ወሬ የሚለዋወጡበት ዳጉ ለእንግዳም አይዘጋም፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ምንጩ የት ደረቀ፣ ልጆቹ በየት በኩል አለፉ፣ ማን ውሃ ሰጣቸው። ይህን ሰምቶ የተመለሰ ሰው ምን እንደሚያደርግበት የራሱ ጉዳይ ነው።

መሄድ ለሚፈልግ፣ ወቅቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የየራሱ ጥቅም አለው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ጉሙ ይወርዳል። ሌሊቱ ጋቢ ያስፈልገዋል፤ ቆቁም ገና ጎህ ሲቀድ ከቁጥቋጦው ሥር ሲጮህ የሚሰማው በታኅሣሥና በጥር ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ደኑ ደረቅ፣ አቧራውም የበዛ ነው፤ ለሩቅ አገር ጎብኚ አይመከርም። ለከተማው ነዋሪ ግን የዕረፍቱ ዋጋ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ለታጁራ በጀልባ መሻገርም በመኪና መዞርም ይቻላል፤ የመጨረሻው አቀበት ግን ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ መኪና ይጠይቃል፤ የአንድ ቤተሰብ ወጪ የሚያብጠውም እዚህ ላይ ነው። ከታጁራ ወደ ዳይ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ የሕዝብ መኪና ቢመላለስ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ሁሉ የበለጠ ይሠራል። ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ይህ የመንግሥት ወጪ አያስፈልገውም፣ ከእንግዳው ይጀምራል። ካምፕ ውስጥ እራት የሚበስለውና ሻይ የሚፈላው በምን ነው? በከተማ ጋዝ ከሆነ መልካም። በወደቀ እንጨት ከሆነ ከየት እንደተለቀመ ይጠየቅ፤ የወደቀው ጽድ ራሱ ለቆቁ መሸሸጊያ ነውና። በከሰል ከሆነ ግን አልጋ ከመያዙ በፊት ስለ ዋጋው ከሚደረገው ድርድር ጋር አብሮ ይነሣ፤ የጋዙን ልዩነት እንግዳው ይክፈል።